ሰባት ጊዜ መውረድ

ዓብዱረህማን ስቱኮ አይወድም። የመኪና ገላ የሚቀጠቅጥ ባትላሜራ ሆኖ ስቱኮ አለመውደድ፣ ወጥ ሠሪ ሆኖ ጨው እንደ መጥላት ነው፤ እሱ ግን አይወድም፣ አለቀ። «ዝገት በበላው ላሜራ ላይ ስቱኮ መለቅለቅ ለሬሳ ኩል መኳል ነው» ይላል፤ ይህንንም የሚለው ባለመኪናው ፊት ቆሞ፣ ሳያፍር ነው። መሐል ሜዳ መናኸሪያ ጀርባ ካለችው የቆርቆሮ ጋራዡ ስንቱ ተቆጥቶ ሄዷል። ስንቱስ ክረምት ካለፈ በኋላ አንገቱን ደፍቶ ተመልሷል። በዚያች የኅዳር ረቡዕ ማለዳ ይሥሐቅ መኪናውን ይዞ የመጣው እንዲህ ወዳለው ሰው ነው።

ይሥሐቅ አርባ ዓመት ያለፈው፣ በልጅነቱ ዲያቆን የነበረ፣ አሁን በአሮጌ ነጭ አውቶሞቢል ሰው በኮንትራት እያመላለሰ የሚኖር ሰው ነው። መኪናዋ እሱ ዘንድ ከመድረሷ በፊት አራት ባለቤት አይታለች፤ ከአራቱ አንዱም ግን እንደ እሱ አልወደዳትም። በሳምንት አንድ ቀን ወደ ቆላው ይወርድና፣ ከገደሉ ሥር ከሚፈልቀው ጠበል በጀሪካን ቀድቶ፣ እግራቸው ለከዳቸው የሰፈሩ አረጋውያን ያመጣል። በወር አንድ ቀን ደግሞ እናቱን እማማ ጥሩሸዋን ለስኳር ሕመማቸው ክትትል ደብረ ብርሃን ያደርሳል። የዚህ ወር ቀጠሯቸው ነገ፣ ሐሙስ ነበር።

«ጋሽ ዓብዱ፣ የኋላው ኮፈን፣ ዕቃ የምጭንበት፣ ውሃ ይይዛል» አለ ይሥሐቅ። «ምንጣፉ ሸተተብኝ። ወለሉም ትንሽ ሳይዝግ አልቀረም። እስከ ማታ ስቱኮ ምናምን ቢያደርጉበት፣ ነገ በጠዋት እናቴን ይዤ መውጣት አለብኝ።»

ዓብዱረህማን «ስቱኮ» የሚለውን ቃል እንዳልሰማ አለፈው። «መስኮቱስ እንዴት ሆነ?» ሲል ጠየቀ፤ ሲጠይቅም ፈገግ ብሎ ነው። ከኋላ በግራ በኩል ያለው መስኮት፣ እማማ ጥሩሸዋ ሁልጊዜ የሚቀመጡበት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጣት ያህል ክፍተት እየተወ አልዘጋ ብሎ ኖሮ ነበር። ባለፈው ሐምሌ፣ የመንዝ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ወር፣ ያንን መስኮት ፈትቶ ጥርቅም አድርጎ እንዲዘጋ ያደረገው ዓብዱረህማን ነው። አሮጊቷን ከብርድ በማዳኑ ልቡ ሞልቶ ነበር፤ ለሚስቱም ሁለት ጊዜ አውርቶላታል።

«ኧረ ነፋስ የሚባል አይገባም» አለ ይሥሐቅ። «እግዜር ይስጥዎት።»

ዓብዱረህማን ኮፈኑን ከፈተ። ሦስት ባዶ ጀሪካን አወጣ፣ ምንጣፉን ገለጠ፣ መጠባበቂያውን ስኮርት ጎማ አነሳ። ጎማው ይተኛበት በነበረው ጎድጓዳ ውስጥ የሻይ ቀለም ያለው ውሃ እስከ አፉ ሞልቶ ተኝቷል። ጠርዙ ላይ ጣቱን ቢያሳርፍ ብረቱ እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈርፍሮ ወደቀ።

«ይኼን ነው ትንሽ ዝጓል ያልከኝ?»

ዓብዱረህማን ጣሳ አንስቶ ውሃውን ጨልፎ ደጅ ሊደፋው እጁን ሲያወዛውዝ ግን ይሥሐቅ ክንዱን ያዘው። «ይቅርታ ጋሽ ዓብዱ፣ መሬት ላይ አይድፉት። ጠበል አለበት። ጀሪካኖቹ ያንጠባጥባሉ።»

ዓብዱረህማን ከአፋፉ በታች ካለ የቆላ ከተማ፣ ከነጋዴ ሙስሊም ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነው። መንዝ ከወጣ ሠላሳ ዓመቱ ነው። ጎረቤቶቹ የሚያከብሩትን ነገር አክብሮ ነው የኖረው፤ እነሱም የእሱን እንዲሁ። ሚስቱን ኡምሰልማን ጠርቶ ንጹሕ ባልዲ አስመጣ። ውሃውን በጣሳ ጨልፎ ጨረሰ፤ የቀረውን በስፖንጅ እየመጠጠ እዚያው ባልዲ ውስጥ ጨመቀ። ይሥሐቅ ባልዲውን ተሸክሞ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ጽድ ሥር ሊያፈሰው፣ ከምሳ በፊት እመለሳለሁ ብሎ ወጣ።

ዓብዱረህማን ብቻውን ሲቀር እጁን ወለሉ ላይ ያንሸራትት ጀመር። ሥራው እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ መጀመሪያ በዓይን ሳይሆን በእጅ። እንዲህ ያለ ጎድጓዳ ሁሉ ግርጌው ላይ የውሃ መውረጃ ቀዳዳ አለው። ይኸኛውም አራት ሊኖረው ይገባል፤ ታዲያ ውሃው ስለ ምን አልወረደም? የመጀመሪያውን ቀዳዳ በጣቱ አገኘው። ተደፍኗል። ጭቃ መስሎት በጥፍሩ ቢፍቀው ቢጫ ነገር ወጣ፤ ወደ አፍንጫው ቢያስጠጋው የጧፍ ሰም ነው። መሐሉ ላይ ፈትሉ እንኳ አለ። ሁለተኛውን አየ፤ ሰም። ሦስተኛው፣ አራተኛውም። በእያንዳንዱ ሰሙ ቀልጦ፣ በጥንቃቄ ተሞልቶ፣ በአውራ ጣት ተስተካክሏል፤ የአውራ ጣቱ አሻራ ሳይጠፋ እዚያው አለ።

ብቻውን ሳቀ። ቆይቶ ሳቁን ተወው። ነገሩ ገብቶታል፤ ጠበሉ በቀዳዳው እያንጠባጠበ ሰውና አህያ በሚረግጠው መንገድ ላይ ሲፈስ ይሥሐቅ አይቷል፣ ልቡ አልቻለም፣ ስለዚህ በጧፍ ደፈነው። ከዚያ ክረምት ገባ፤ ዝናቡም ገባ፤ የገባ ሁሉ እዚያው ቀረ። ዓብዱረህማን በሠላሳ ዓመት ውስጥ በሬንጅ የተደፈነ፣ በጨርቅ የተወተፈ፣ በማስቲካ የተለጠፈ ቀዳዳ አይቷል። በአክብሮት የተደፈነ ቀዳዳ ሲያይ ግን የመጀመሪያው ነው። ይህን ሰው እንዴት ብለው ይቆጡታል?

ዝናቡ በየት እንደገባ ለማወቅ ደግሞ የራሱ ዘዴ አለው። ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱ ቀጭን ነውና ኮፈኑ ውስጥ ይገባል፤ ኡምሰልማ ከውጭ ትዘጋበትና በጆግ ውሃ ታፈሳለች። እሱ ከውስጥ በመዶሻ እጀታ ቷ፣ ቷ እያደረገ ይጠባበቃል። ስንት ዓመት የሠሩበት ስምምነት አላቸው፤ መዶሻው ዝም ካለ ምንም ሳትጠይቅ መክፈት አለባት። ኡምሰልማ ይህን ሥራ አትወደውም። «ቀብሬህ የማወጣህ ይመስለኛል» ትላለች። ግን ትሠራዋለች።

ገባ። ዘጋችበት። ውሃው ከላይ ሲወርድ ድምፁን ሰማ፤ ወዲያው ፊቱ ላይ ጠብ አለበት። የኮፈኑ ዙሪያ ጎማ በቀኝ ጥጉ ተሰንጥቋል። ከኋላ መብራቱም ዙሪያ ውሃው እንደ እንባ እየተከታተለ ይወርዳል፤ እዚያም ያለው ጎማ ደርቆ አልቋል። ሁለቱን ቦታ በጠመኔ ምልክት አደረገባቸው። ከዚያ አንገቱን ዞር ሲያደርግ ወለሉን አየ።

ከወለሉ ብርሃን ይወጣል። መጀመሪያ አንድ መሰለው፤ ዓይኑ ጨለማውን ሲለምድ አሥር ሆነ፣ ከዚያ መቁጠር ተወ። ከጎድጓዳው አፍ በላይ ያለው ዝገት የበላው ብረት በመርፌ እንደተወጋ ሁሉ ተበሳስቶ፣ በየቀዳዳው የጠዋት ብርሃን ቀጥ ብሎ ይገባል። ከዋክብት የሞላበት ሰማይ ከሥሩ የተዘረጋ መሰለው። ይህን ሥራ ሠላሳ ዓመት ሠርቶታል፣ የተበላ ወለል ብርቁ አይደለም፤ ይሄ ግን ትንፋሹን አስያዘው። የሚፈርስ ነገር እንዲህ ማማሩ ለምን ይሆን ብሎ አሰበ። መልስ ስላላገኘ ወደ ሥራው ተመለሰ።

የቀረው ልቅ የሆነውን ብረት ከደህናው መለየት ነው። ሞተር ሲነሳ ደህናው ላሜራ አብሮ ይርገበገባል፣ የሞተው ግን ብቻውን ይንቀጠቀጣል፤ መዳፍ ያውቀዋል። «ኡምሰልማ፣ ሞተሩን አስነሺው» ሲል ጮኸ። እሷ መንጃ ፈቃድ የላትም እንጂ ሞተር በማስነሳትና በማጥፋት ከማንም ሹፌር አታንስም። አስነሳችው። እሱም መዳፉን ወለሉ ላይ እያዛወረ፣ በሌላው እጁ ቷ፣ ቷ እያደረገ፣ በጠመኔ እየከበበ ቀጠለ።

ጥቂት እንደ ቆየ ከዋክብቱ ደበዘዙ። በእያንዳንዱ የብርሃን ዘንግ ውስጥ ሰማያዊ ነገር ሲጎተት አየ፤ ጭስ ነው። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ልክ ከወለሉ ሥር ነው፤ እሱም አንድ ቦታ ሳይከፈት አልቀረም። ይህን በደንብ አሰበው። አጥፊው ልበላት ብሎም አሰበ። ትንሽ ቆይቼ እላታለሁ አለ። ጭንቅላቱ ከብዶታል፣ ግን አይጎዳም፤ ደስ የሚል፣ በብርድ ቀን ከወፍራም የበግ ፀጉር ባና ሥር እንደሚመጣው ያለ እንቅልፍ እየመጣበት ነው። ቀጣዩን ክብ ካከበብኩ በኋላ፣ አለ። ጠመኔው ከእጁ መቼ እንደወደቀ አላወቀም።

ኮፈኑ ሲከፈት ብርሃኑ ዓይኑን ወጋው። ኡምሰልማ ብብቱን ይዛ ጎትታ አወጣችው።

«ለምን ከፈትሽው?» አላት፤ ምላሱ ተሳስሮበታል።

«ዝም አልክ» አለችው።

ጋራዡ ደጃፍ ላይ ተደግፎ ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ አስታወከ። ውሃ አጠጣችው፣ ፊቱን አጠበችው። ከዚያ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ መኪናዋን ያይ ጀመር። በኮፈኑና በኋላ መቀመጫው መካከል ያለው ካርቶንና ጨርቅ ብቻ ነው። ካርቶኑን በዓይኑ ተከተለ፤ ጫፉ ላይ ጥላሸት መስሏል። ከካርቶኑ ወዲያ የግራው መቀመጫ ነው። ከመቀመጫው ጎን መስኮቱ። ያ መስኮት ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ ልቡ ላይ ያረፈው። የኋላው መስኮት አንድ ጣት ተከፍቶ ሳለ ጭሱ የሚወጣበት ነበረው። ያንን ቀዳዳ የደፈነው እሱ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ አሮጊቷን ከብርድ አድናለሁ ብሎ መተንፈሻቸውን ዘግቶባቸዋል። ባትላሜራ ከሆነ ጀምሮ በሥራው እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

ይሥሐቅ ባዶ ባልዲውን ይዞ ሲመለስ ዓብዱረህማን ገና እዚያው ጎማ ላይ ነበር።

«ይሥሐቅ፣ ና ቁጭ በል። እማማ ከሐምሌ ወዲህ ከኋላ ሲቀመጡ ምን ይሆናሉ?»

«ምን ይሆናሉ ማለት?»

«ዝም ብለህ ያየኸውን ንገረኝ።»

ይሥሐቅ ግራ ገባው። «ያው... ትተኛለች። ድሮ መንገዱን ሁሉ ስታወራ ነበር የምትሄደው። አሁን እንቅልፍ ነው። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ራሷን ያማታል፣ ባለፈው አስታወካት። ስኳሩ ነው መሰለኝ። ፊቷ ግን እንዴት እንደሚበራ! ቀይ፣ እንደ ልጃገረድ። ጎረቤቶቻችን ጠበሉ እየሠራላት ነው አሉ።»

ዓብዱረህማን ዓይኑን ጨፈነ፤ ጭስ የገባበት ሰው ፊቱ እንደሚቀላ ሰምቷል። «አንተስ? አንተን አያምህም?»

«እኔማ መስኮቴን ገርበብ አድርጌ ነው የምነዳው። ያለዚያ እንቅልፍ ያስቸግረኛል።»

የፊት መስኮት ሲከፈት አየሩን ከኋላ እንደሚስብ ዓብዱረህማን ያውቃል። ያ ማለት ጭሱ በእማማ ጥሩሸዋ ላይ አልፎ ነው ወደ ፊት የሚሄደው። ሦስት ጉዞ፣ እያንዳንዱ ሦስት ሰዓት። እሱን ኮፈን ውስጥ ራሱን ለማሳት የቡና ስኒ የሚታጠብበት ጊዜ እንኳ አልፈጀም። እንዴት ኖሩ?

«እንዴት ኖሩ?» አለ ድምፅ አውጥቶ።

«ማን?»

«መንገድ ላይ ታቆማለህ? ከመኪናው ይወርዳሉ?»

ይሥሐቅ የቆየ ምሬቱን የሚያወራለት ሰው እንዳገኘ ሁሉ ተነፈሰ። «ኧረ ይተዉኝ ጋሽ ዓብዱ! ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ነው ያመጣችው። ቤተ ክርስቲያን ባየች ቁጥር አቁም ትለኛለች፣ ወርዳ ትሳለማለች። እንቅልፍ ላይ እንኳ ብትሆን፣ እንዴት እንደምታውቀው አላውቅም፣ ጉልላቱ ብቅ ሲል ትነቃለች። ሰባት ቦታ! መድኃኔዓለም፣ ገብርኤል፣ ኪዳነ ምሕረት...» ጣቱን እያጠፈ ሰባቱንም ቆጠረ። «በየሃያ ደቂቃው ማለት ነው። በሩን ደግሞ በርግዳ ትታው ነው የምትወርደው። ብርድ ገባ እያልኩ ስጮህ፣ መኪናው ቅዝቅዝ ብሎ ይጠብቀናል።»

«ስንት ትቆያለች?» ጭንቀቱ የአክብሮቱን አነጋገር አስረሳው።

«ጸሎቷን ሳትጨርስ መች ትነሳለች? አሥር ደቂቃ። ነገ ግን አላወርዳትም። ጉልበቷን አሟታል። ከመኪናው ሳትወርጂ ተሳለሚ ብያታለሁ፤ እግዚአብሔር ያያል ብያታለሁ።»

በየሃያ ደቂቃው በሩ ይበረገዳል፣ ጭሱ ይወጣል፣ አሮጊቷ አሥር ደቂቃ የደጋ አየር ይተነፍሳሉ፣ ከዚያ ይመለሳሉ። ሰባት ጊዜ። ነገ ግን አንድም አይኖርም ነበር።

«ሱብሐነላህ» አለ በቀስታ።

ከዚያ ነገረው። ምንም ሳይቀንስ፣ የመስኮቱንም ሳይደብቅ። ይሥሐቅ መጀመሪያ አላመነም፤ ዓብዱረህማን ወደ መኪናዋ ወስዶ ጥላሸቱን በጣቱ አስነካው፣ የማርሚታውን የተከፈተ ስፌት አሳየው፣ የሰሙን ውታፍ በመዳፉ ላይ አኖረለት። ይሥሐቅ የገዛ አውራ ጣቱን አሻራ አየ። ተቀመጠ። ባልዲውን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«እኔ ነኝ የደፈንኩት» አለ።

«እኔም መስኮቱን ዘግቻለሁ» አለ ዓብዱረህማን። «አንተ ጠበሉ እንዳይረገጥ፣ እኔ እናትህን እንዳይበርዳቸው። ሁለታችንም በደግ ነው። በል ተነስ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ግራይንደሩን አቀብለኝ።»

ያን ቀን እሱ እንደሠራው የሠራ ሰው መሐል ሜዳ አይታ አታውቅም። ዓብዱረህማን የተበላውን ሁሉ ቆርጦ ጣለ፤ ደህና የመሰለውንም በመዶሻ ጫፍ እየፈተነ፣ ድምፁ ካላማረው ቆረጠው። «ዝገት ከሚታየው ይልቅ የማይታየው ይበልጣል» ይል ነበር እየቆረጠ፤ ለይሥሐቅ ይሁን ለራሱ አይታወቅም። ሲጨርስ የመኪናዋ ወለል ሙሉ ትሪ የሚያሳልፍ አፍ ሆነ። ይሥሐቅ በዚያ አፍ መሬቱን ሲያይ አማተበ፤ እናቱ ከዚህ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር የሚተኙት።

አዲስ ላሜራ ለካ፣ ቆረጠ፣ በሞርሳ ይዞ ጎድጓዳውን እየቀጠቀጠ አወጣው። ገጠመው፣ በየዳሩ በየደው። ማርሚታውንም አውርዶ ስፌቱን ዘጋ። ብየዳውን በሽቦ ብሩሽ አጸዳ፣ ፀረ ዝገት ቀለም ቀባ፣ ስፌቱን በማጣበቂያ ሞላ፣ ከሥር በሬንጅ ለበጠው። የኮፈኑን ዙሪያ ጎማና የመብራቱን ጎማ ከመናኸሪያው አጠገብ ካለ ዕቃ መሸጫ በአዲስ ተካ። አራቱን የውሃ መውረጃዎች ከፍቶ ተዋቸው።

ይሥሐቅ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሰ። ዓብዱረህማን ነገሩ ገባው። የተረፈውን ላሜራ አንስቶ፣ ሦስቱን ጀሪካን በልክ የሚይዝ፣ ከንፈሩ ከፍ ያለ ገንዳ ሠራለት፤ ጥጎቹን በየዳቸው፣ ውሃ ሞልቶ አንድ ጠብታ እንዳያሳልፍ ፈተነው። «ጠበሉ ካንጠባጠበ እዚህ ይቀራል። አንስተህ ጽዱ ሥር ታፈሰዋለህ። ዝናቡ ደግሞ በራሱ መንገድ ይውረድ» አለው። ይሥሐቅ ጎንበስ ብሎ እጁን ሊስመው ሲል ዓብዱረህማን ቶሎ ሰወረው፤ እጁ ሬንጅ ነበር።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መጨረሻውን አደረገ። ኡምሰልማ ተቃወመች፤ ዛሬስ አትገባባትም አለች። «ይሄን ካላየሁ ነገ አላስኬዳቸውም» ብሎ መዶሻውን ይዞ ገባ። ዘጋችበት። ሞተሩ ተነሳ። ውሃው ከላይ ፈሰሰ። ፊቱ ላይ ጠብ ያለ ነገር የለም። ወደ ወለሉ ዞሮ ጠበቀ፤ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ጠበቀ፤ አንድም ኮከብ የለም። ጨለማው ሙሉ ነው፣ ሽታውም የቀለም ሽታ ብቻ ነው። ዓብዱረህማን እንዲህ ያማረ ጨለማ አይቶ አያውቅም። ቷ፣ ቷ ያደርግ የነበረው ኡምሰልማን ለማረጋጋት ብቻ ነበር፤ መውጣቱን አልፈለገም።

በማግስቱ ጠዋት ማንም ሳይጠራው እማማ ጥሩሸዋ ደጅ ተገኘ። ከኋላ፣ ከጎናቸው እቀመጣለሁ አለ። ምክንያቱን ሥራዬን ልፈትን ነው አለ፤ እውነቱ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይቅርታ የሚጠይቅበትን ቃል ሲፈልግ ነበር።

ከተማውን ሳይለቁ ነገራቸው። እማማ ጥሩሸዋ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ የሰጣቸውን የሰም ውታፍ በመዳፋቸው እያገላበጡ፣ ሳያቋርጡ ሰሙት።

«እንግዲህ ይቅር ይበሉኝ እማማ» አለ። «መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ። እርስዎን ያተረፈዎት መውረድዎ ነው። ሰባቱ ቦታ ባይኖር ኖሮ...»

እማማ ጥሩሸዋ ለጥቂት ጊዜ መስኮቱን አዩ። ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ።

«የኔ ልጅ፣ አንተስ መች ታውቃለህ» አሉ። «ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ መኪና ስሄድ አንድም ቀን ወርጄ አላውቅም። በዚያች ክፍተት ነበር የምሳለመው። ደጁ ሲደርስ አፌን ወደ ክፍተቷ አስጠግቼ ሰላም ለኪ እላለሁ፣ አየሩ ይነካኛል፣ ይበቃኛል። አንተ ስትዘጋው ጊዜ በመስታወት ውስጥ መሳለም አልሆንልህ አለኝ፤ መዘውሩን ለማዞር ደግሞ እጄ አቅም የለውም። አየሩ እንኳ ካልነካኝ ምኑን ደጁ ደረስኩ? ልጄ ይቆጣ እንጂ አልኩና መውረድ ጀመርኩ። መውረድ የጀመርኩት አንተ ከዘጋኸው ወዲያ ነው።»

ዓብዱረህማን አያቸው። ጭሱን የዘጋባቸው ያ መስኮት፣ በሩን ሰባት ጊዜ ያስከፈታቸውም ያው መስኮት ነው። ሠላሳ ዓመት ስፌት ሲመረምር የኖረ ሰው ነው፤ ይህኛውን ስፌት ማን እንደሰፋው ግን በእጁ ዳስሶ የሚያገኘው አልነበረም። እጁን ዘርግቶ የመስኮቱን መዘውር አዞረና መስታወቱን አንድ ጣት ያህል ዝቅ አደረገው። የኅዳር ብርድ ፊታቸውን ዳሰሰው።

ይሥሐቅ ከፊት ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል፤ መሪውን ይዞ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል። ከመታጠፊያው ወዲያ የመድኃኔዓለም ጉልላት ብቅ አለ።

«ንዳ ልጄ» አሉ እማማ ጥሩሸዋ። «ዛሬስ ክፍተቷ ተመልሳልኛለች፤ ከዚሁ እሳለማለሁ። ጉልበቴንም አሞኛል።»

ይሥሐቅ መኪናዋን ዳር አስያዘ። ሞተሩን አጠፋ፣ ዞሮ መጥቶ የእናቱን በር ከፈተ፣ ክንዱንም ሰጣቸው። በሩን እንደተበረገደ ተወው። ዓብዱረህማንም በወዲያኛው በር ወረደ።